ሁለት ቤት በአንድ ገጽ

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ጋሽ እንድሪስ ይማም የሚባሉ የቤት ደላላ ነበሩ። ደላላ ሲባል ፊታችሁን አታጥቁሩ። እሳቸው ገብተው ያላዩትን ቤት የማያሻሽጡ፣ የገዥን ችኮላ ለሻጭ፣ የሻጭን ችግር ለገዥ የማያወሩ ሰው ነበሩ። ለዚህ ምስክሩ የቢሯቸው ግድግዳ ነው። ቤቱን መሸጥ የፈለገ ሰው ቁልፉን አምጥቶ ለጋሽ እንድሪስ ይሰጥና ደረሰኝ እንኳ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እሳቸውም ቁልፉን ሚስማር ላይ ያንጠለጥሉታል። በሌሎች ደላሎች ቢሮ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል፤ የእሳቸው ግድግዳ ግን ከዳር እስከ ዳር ቁልፍ ነበር።

ከቢሮው በር ውጭ አንድ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ጋሽ እንድሪስ ጠዋት ጠዋት አንድ ቤት በጠመኔ ይጽፉበታል፤ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ግቢው ምን እንደሚመስል። ዋጋ አይጽፉም፤ በደላላ ወግ ዋጋ የሚነገረው በአፍ ነው። በዋጋው የተስማሙበትን ቤት ደግሞ ወዲያው በጨርቅ ያጠፉትና በቦታው ሌላ ይጽፋሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩ የኖሩት እንዲህ ነው፤ ማንም ተጎድቶበት አያውቅም።

ጊዜው ተለወጠና ሰው ቤት የሚፈልገው በስልኩ ሆነ። ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሰው እየሳሳ ሄደ። ይህን ያዩ ሦስቱ ልጆቻቸው ተመካከሩና ለአባታቸው ድረ ገጽ ሊሠሩላቸው ወሰኑ።

ታላቁ ጀማል፣ ኮምፒውተር ያጠናው፣ ድረ ገጹን በይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ሠራው። ይህ ማለት ኮድ የማያውቅ ሰው እንኳ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ በራሱ ጽሑፍና ፎቶ ይጨምራል፣ ያርማል፣ ያጠፋል ማለት ነው። ጀማል ሲሠራው ሁለት ነገር አደረገ። የተጻፈ ነገር በተለወጠ ቁጥር የቀድሞው ጽሑፍ ከለዋጩ ስም ጋር ከሥር እንዲቀመጥ አደረገ። ለአባቱ ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ሰጣቸው። ባልደረቦቹ አዲስ ሰው ሲጀምር ማየት ብቻ ይፈቀድለት ብለው መክረውት ነበር፤ እሱ ግን አባቱን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሊያደርጋቸው አልወደደም።

መካከለኛዋ ከድጃ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበረች። ቤቶቹን እየዞረች ፎቶ አነሳች፤ ጽሑፉንም እሷው ጻፈችው። ጽሑፏ ግን አባቷን አላስደሰተም። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ጠባብ ነው ትላለች፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ በየትኛው ክፍል በኩል እንደሚያፈስ ትጽፋለች።

«ልጄ፣ ቤት እየሸጥን ነው ወይስ እየከሰስን?» አሏት ጋሽ እንድሪስ።

«ገዥው ገብቶ ማየቱ ይቀራል እንዴ አባ?» አለችና ሳታጠፋው ተወችው።

ትንሿ ሰዓዳ ቢሮ ውስጥ ቁልፎቹን ትጠብቃለች፣ ድረ ገጹን አይቶ የሚደውለውን ሁሉ ታነጋግራለች። ጋሽ እንድሪስ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሯት ሕግ አንድ ነው፤ ውል ሳይፈረም ቁልፍ ለገዥ አይሰጥም። ገዥ አንዴ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ውጣ ቢሉት የሚወጣው በፍርድ ቤት ነው። ይህን ሕግ በማፍረስ ትዳራቸው ሳይቀር የፈረሰ ደላሎች እንዳሉ እየነገሩ አሳድገዋታል።

ድረ ገጹ ሥራ ጀመረ። ሐይቅ ከተማ ልጃቸው ዘንድ የገቡት የእማማ የሺመቤት ቤትም ወጣ፤ ሰማያዊ በር ያለው ትንሽ ቤት ነው። ሰመራ ሆስፒታል የምትሠራ ሲስተር ብርነሽ የምትባል ነርስ አየችው። በዚያ ሙቀት ስንት ዓመት በኪራይ ቤት ስትንገላታ የኖረች ናት። ሊንኩን ደሴ ለሚኖር ወንድሟ ላከችለትና ለሰዓዳ ደወለች። ከጋሽ እንድሪስ ጋር በስልክ በዋጋው ተስማማች፤ ፈቃድ ስታገኝ ሽማግሌ ይዛ መጥታ ልትፈርም ቀጠሮ ያዘች።

እንግዲህ በዋጋ ከተስማሙ ሰሌዳው ይጠፋል። ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከድጃ ባሳየቻቸው መሠረት፣ የእማማ የሺመቤትን ገጽ ከፈቱ። ጽሑፉን አጠፉት፤ ፎቶውንም አነሱት። በቦታው የሌላ ቤት ጽሑፍና ፎቶ አስገቡ፤ ሰፊ ግቢ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች። ከታች የቀረውን የትንሹን ቤት ዋጋ ልብ አላሉትም፤ ሰሌዳቸው ላይ ዋጋ ኖሮ አያውቅማ። ማንንም ሳይጠሩ በራሳቸው ስለሠሩት ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላቸው ዋለ። ከድጃ ገጹ መለወጡን አይታ ነበር፤ «አባ የሚሠራውን ያውቃል» ብላ ዝም አለች።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሲስተር ብርነሽ ከወንድሟ ከታምሬና ከሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ሰማያዊው በር ፊት ቆመች። ጋሽ እንድሪስና ሰዓዳ ቁልፍ ይዘው ጠበቋቸው። ታምሬ እህቱ የላከችለትን ሊንክ የከፈተው ያን ዕለት ጠዋት መኪና ላይ ነው። ስልኩን አየ፣ ግቢውን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ።

«ጉድጓዱ የታለ?» አለ። «ሰርቪሶቹስ? ዋጋው አንቺ የተስማማሽበት ነው፤ ቤቱ ግን ይሄ አይደለም። ትልቁን አሳይተው ትንሹን ሊሸጡልሽ ነው።»

ሲስተር ብርነሽ ስልኩን ተቀበለችው። «እኔ ያየሁት ይሄንኑ ሰማያዊ በር ነበር» አለች፤ ግን ስልኩ ላይ የለም። ግራ ገብቷት ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረች። «ጋሼ፣ ያየሁትን ማን ወሰደው?»

ጋሽ እንድሪስ ሰሌዳ አጠፉ እንጂ ሌላ ምን አደረጉ? ለሰው የተላከ ሊንክ ሁሉ ወደዚያው ሰሌዳ እንደሚያመጣ እሳቸው ከየት ይወቁት? ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንድሪስ፣ የኔም ቁልፍ አንተ ጋ ነው» አሉ።

ለጋሽ እንድሪስ ነገሩ ከተማ ከገባ ያ ግድግዳ ባዶውን እንደሚቀር ታያቸው። አታላይ ተብሎ ከመኖር መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በመረጡ ነበር። ታምሬ የእህቱን ክንድ ይዞ ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀምሯል።

ይህን ጊዜ ሰዓዳ ቁልፉን ከአባቷ እጅ ወስዳ ሲስተር ብርነሽ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ይግቡና ከውስጥ ይቆልፉት» አለች። «እውነቱ እስኪታወቅ እኛ ውጭ እንቆማለን።» ያ ሁሉ የአባቷ ምክር፣ ያ ሁሉ ማስፈራሪያ በአንድ ደቂቃ ገደል ገባ። ሲስተር ብርነሽ ቁልፉን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያም ወንድሟን «ትንሽ እንቆይ» ብላ በሩን ከፍታ ገባች። ታምሬ እያጉረመረመ ተከተላት፤ ሰዓዳም ስልኳን አውጥታ ወንድምና እህቷን ጠራቻቸው።

ጀማል በባጃጅ ደረሰ። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ድረ ገጹን ከፈተና ከሥር የተቀመጠውን የቀድሞ ጽሑፍ አወጣው። ሰማያዊው በር ተመልሶ መጣ። ግን ይህን ብቻ ቢያሳይ ታምሬ «አሁን ነው የጻፍከው» ይለዋል። እውነቱ እንዲታመን መቼ እንደተጻፈ፣ መቼና በማን እንደተለወጠ አብሮ መታየት አለበት፤ የለወጠው ደግሞ አባቱ ናቸው። «አባ፣ ስምህ ይታያል» አላቸው በጆሯቸው። ጋሽ እንድሪስ ሽማግሌዎቹን አየት አደረጉና «ይታይ» አሉ። ጀማልም ታምሬን ወደ በሩ ጠራና ስልኩን በሁሉም ፊት ዘረጋው፤ የአባቱን ስህተት ለአቶ ሙሄ ሳይቀር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳየ።

ታምሬ ግን ገና አልረካም። «መጀመሪያም የተጻፈው ውሸት ቢሆንስ?» አለ። ከድጃም ደርሳ ነበርና የወንድሟን ስልክ ተቀብላ ለታምሬ ሰጠችው። «እኔ አላነብልዎትም። እያነበቡ ዞረው ይዩት» አለችው። «አንድ ነገር ግን እዚያ ላይ የለም። የጓሮው መስኮት መስታወት ተሰንጥቋል፤ ከጻፍኩ በኋላ ነው።» ታምሬ ከክፍል ክፍል እያነበበ ዞረ። ግቢው ጠባብ ነው ይላል፤ ጠባብ ነው። አጥሩ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው ይላል፤ የጋራ ነው። የማድ ቤቱ የጓሮ ግድግዳ ይረጥባል ይላል፤ መዳፉን ለጠፈበት፤ እርጥብ ነው። ያን ጊዜ ሳቁ መጣ። «የሚሸጠውን ቤት እንዲህ የሚያማ ደላላ ዛሬ አየሁ» አለ።

ጋሽ እንድሪስ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እፎይ» አሉ፤ ደግመውም አሉት። ሲስተር ብርነሽ ከውስጥ ወጣችና ቁልፉን ለሰዓዳ መለሰችላት፤ ስትፈርም መልሳ እንደምትቀበለው ነገረቻት። አቶ ሙሄም የራሳቸው ቁልፍ ባለበት ይቆይ አሉ። ያን ዕለት ከሰዓት ውሉ ተፈረመ። ጋሽ እንድሪስ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ያገኙትን ሰው ሁሉ ሰላም እያሉ ነበር፤ ዐይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ስማቸው ተርፏል። ከዚያ ወዲህም አዲስ ቤት ሲመጣ አዲስ ገጽ ይከፍታሉ፤ ጀማል «አዲስ ገጽ» የምትለዋን መጫኛ በትልቁ ጽፎላቸዋል።

ደስታው ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ጋሽ እንድሪስ እግራቸው ደከመ፤ ሥራውን ለልጆቻቸው ሊያስረክቡ ፈለጉ። ሦስቱም አብረው ቢሠሩ ደስታቸው ነው። ነገር ግን የንግድ ፈቃዱ የሚዛወረው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ስሙ የገባው ሰው ነው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው። እሳቸውም በዚያች ሰዓት ስማቸውን ላተረፈላቸው ልጅ ሊሰጡት ወሰኑ። መወሰኑስ ቀላል ነበር፤ ልጁ ማን እንደሆነ ነው ያቃታቸው።

አቶ ሙሄን ጠየቋቸው። «ጀማል ነዋ» አሉ። «የቀድሞውን ባያስቀምጥ ኖሮ ምን ታሳየን ነበር?» ሚስታቸው ግን ይህን ሰምተው ተቆጡ፤ ማረምና ማጥፋቱን አሳልፎ የሰጣቸው፣ ገጹ ላይ እንዳሻቸው እንዲሆኑ የለቀቃቸው ያው ጀማል አይደል ወይ አሉ።

ሚስታቸው የሚሉት ከድጃን ነው። እሷ እውነቱን ባትጽፍ የቀድሞው ጽሑፍ ተገኝቶስ ምን ይፈይዳል? ከሥር የሚወጣው ሌላ ውሸት ነበር። እዚህ ላይ ደግሞ አቶ ሙሄ አልተኙም። ገጹ ሲለወጥ ያየችው እሷ ናት፤ ያኔውኑ «አባ፣ ተሳስተሃል» ብትል ማንም ደጅ ላይ ባልቆመ ነበር አሉ።

ሲስተር ብርነሽን የጠየቋት እንደሆነ ደግሞ አንድ ስም ብቻ ነው የምትጠራው። «ሰዓዳ ቁልፉን ባትሰጠኝ ኖሮ እኔ ሰመራ፣ እናንተም ወሬ ላይ ነበራችሁ» ትላለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ ሌላ ዓይነት ሴት ብትሆንስ? የእማማ የሺመቤትን ቤት በማን ፈቃድ ነው ለማታውቀው ሰው ያስረከበችው? ጋሽ እንድሪስ ይህን ባሰቡ ቁጥር ትንሽ ይቀዘቅዛቸዋል፤ ደግሞ የልጅቷ ድፍረት ትዝ ሲላቸው ይስቃሉ።

ልጆቹን ቢጠይቁ አንዱ ሌላውን እየጠቆመ ይሸሻል። ፈቃዱ እስካሁን በጋሽ እንድሪስ ስም ነው። «ከዚያ ቀን ጭንቅ የዛሬው ይሻለኛል» ይላሉ፣ ቁልፎቻቸው መሃል ዘና ብለው ተቀምጠው። የመጣውን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ይመልስላቸዋል፤ ሁለት ሰው ግን አንድ ዓይነት መልሶላቸው አያውቅም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ያለፈውን እንዳይጠፋ ካስቀመጠው፣ እውነቱን ከጻፈችውና ሕጉን አፍርሳ ካመነችው ልጅ የጋሽ እንድሪስን ስም ያዳነው የትኛው ነው? ፈቃዱስ በማን ስም ይዛወር?