የሽኮኮዎቹ አስተርጓሚ

አንድ ጊዜ በአንድ ገደል ላይ ሽኮኮዎችና ዝንጀሮዎች በጉርብትና ይኖሩ ነበር። ዝንጀሮዎቹ በቁጥር ይበዛሉ፣ በጩኸትም ይበልጣሉ። ስለዚህ ገበያውም፣ ለቅሶውም፣ ሽምግልናውም በዝንጀሮኛ ሆነ። እመት ሽኮኮም ሁለቱ ልጆቿ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብላ ቤቷ ውስጥ ሽኮኮኛ እንዳይነገር ከለከለች።

እህቷ «ኧረ ተይ፣ በቋንቋችን አሳድጊያቸው» ብትላት፣

«በፉጨት ማን የት ደረሰ?» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ችግሩ፣ እሷ ራሷ ዝንጀሮኛው አይሆንላትም። «ኑ ብሉ» ለማለት ፈልጋ «ኑ ልብላችሁ» ትላለች። ልጆቿ በሳቅ ይፈርሳሉ።

አንድ ቀን ልጆቹ ቋጥኝ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ እናትየው ከሸለቆው ማዶ ሣር ትግጥ ነበር። ቀና ስትል ቀበሮ ከቋጥኙ ሥር አድፍጧል። በድንጋጤ ያ የከለከለችው ሽኮኮኛ ከአፏ አመለጠ። ደጋግማ አፏጨች።

ልጆቹ ተያዩ። «ምን እያለች ነው?»

ቀበሮ ከተደበቀበት ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካልገባችሁ እኔ ላስተርጉም?»

«ሽኮኮኛ ትችላለህ?» አለች ትንሿ።

«ያውም አጥርቼ! ‹እንግዳ መጥቷል፣ ወርዳችሁ ተቀበሉት› ነው የምትለው።»

ልጆቹ መውረድ ጀመሩ። እናትየው ይህን ስታይ፣ «ቀበሮው ሊበላችሁ ነው!» ብላ በዝንጀሮኛ ልትጮህ ሞከረች። የወጣላት ግን «ቀበሮውን ብሉት!» ነበር።

«እማዬ ደግሞ ጀመራት!» ብለው ልጆቹ ተንከተከቱ። ቀበሮውም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እየሳቀ ዘሎ ትልቁን ልጅ ከጀርባው ቢነክሰው፣ ጥርሱ በደንብ አልገጠመምና አፉ ውስጥ የቀረው ፀጉር ብቻ ሆነ። ልጆቹ ተስፈንጥረው የቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ ገቡ።

እናትየው እያለከለከች ደረሰች። ትልቁ ልጅ የተመለጠ ጀርባውን እያሻሸ፣

«እማዬ፣ መጀመሪያ ስታፏጪ ምን ነበር ያልሽን?» አላት።

«‹ግቡ› ነው ያልኳችሁ።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

ትንሿ ግን ሌላ ነገር ከንክኗት ነበር። «እኛ የማናውቀውን ቀበሮ ከየት ተማረው?»

እመት ሽኮኮ አንገቷን ደፋች። «እኛን ሊበላ ሲያደባ ነዋ፣ ልጄ። እሱ አንድም ቀን አልናቀውም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቋንቋውን ለልጆቹ ያላወረሰ ወላጅ፣ በጭንቅ ቀን የሚያስተረጉምለትን መምረጥ እንደማይችል ነው።