የፌጦው ልክ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ይሁን ሸማኔ እንጃ፤ የኔታ የነገሩኝን አዛብቼ አስታውሼው ሊሆን ይችላል። ገበሬ ነበረ ልበል። የኔታን የጠየቅኋቸው፣ «ያጠፋ ጓደኛዬን ስንት ጊዜ ብገሥጸው ይበቃል?» ብዬ ነበር። እሳቸውም ይህን ነገሩኝ።

የገበሬው ታላቅ ወንድም ጉልበቱ አብጦ ተኛ። ሴት ልጁን ሊድር ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በዚያ አገር ደግሞ የሙሽራዪቱ አባት ቆሞ ካልተቀበለ ሙሽራውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ገበሬው እብጠት ወደምታክም አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት ሄደ። እሷም የተወቀጠ የፌጦ ፍሬ ሰጠችውና፣ «በለብ ያለ ውሃ ለውሰህ ለጥፍበት። አቡነ ዘበሰማያትን አሥራ ሁለት ጊዜ ደግመህ አንሳው፤ እኔ እንዲያ ነው የማደርገው» አለችው።

ገበሬው ጥንቁቅ ሰው ነበር። ወንድሙን ከብሳና ጥላ ሥር አጋደመውና ፌጦውን ለወሰ። ፍሬው ውሃ ሲነካው እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ። ጉልበቱ ላይ ለጥፎ፣ ቁጥር እንዳይስት ዓይኑን ጨፍኖ ይደግም ጀመር። ቀትር ነበር። ከላይ ንቦች ያጉረመርማሉ፤ ነፋስ ቅጠሉን ቀስ እያለ ያገላብጣል። የገዛ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ወራጅ ውሃ መሰለው፤ እሱም አብሮ የሚወርድ መሰለው። ሰባት ነው ስምንት? አላወቀም። ስለዚህ ካንድ ጀመረ።

«አንተ፣ ስንት ደረስህ?» አለ ወንድሙ።

«ጋሼ፣ ዝም በሉ እንጂ! አስጠፉኝ።» እንደገና ካንድ ጀመረ።

ወንድሙ ጸሎት ላለማቋረጥ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ገበሬው ቁጥሩ ጠፍቶት ደግሞ ካንድ ሲጀምር ግን፣ «አንተ በጸሎት እስክትጸድቅ እኔ በፌጦ ተቀቀልሁ!» ብሎ መድኃኒቱን በመዳፉ ጠርጎ ጣለው። ገበሬው ዓይኑን ሲገልጥ የወንድሙ ጉልበት በርበሬ መስሎ ውሃ ቋጥሯል።

በሠርጉ ቀን እብጠቱ ጎድሎ ነበር። ቆዳው ግን ተልጦ አላስቆም ስላለው፣ አባት ሙሽራውን ተቀምጦ ተቀበለ። ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ገበሬው ወደ ባልቴቷ ተመልሶ፣ «ዓይኔን ጨፍኜ በጥንቃቄ ነበር የቆጠርሁት፤ በጠፋኝ ቁጥር ካንድ ጀምሬያለሁ» አላት።

«ልጄ፣ እኔ የምቆጥረው እኮ ቆዳው ሲቀላ ስለማላይ ነው» አለችው። «አንተ ዓይን እያለህ ምነው ጨፈንኸው?»

የኔታ ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ስንት ጊዜ ብለህ ጠየቅኸኝ። ተግሣጽ ፌጦ ነው፤ እብጠት ያጎድላል፣ ያቃጥላልም። ልኩ ያለው አንተ በምትቆጥረው ቃል ሳይሆን በጓደኛህ ፊት ላይ ነው። እያየህ ተናገር፤ ፊቱ ሲቀላ አንሳ» አሉኝ።

ሌላውን ብስትም አንዱን ኋላ አረጋግጫለሁ። የተወቀጠ ፌጦ ክንዴ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን ደገምሁ። ቆዳዬ የቀላው ገና በዘጠነኛው ነው።