ሐጂ ኑርዬ ያልተነሱ ዕለት

ጀማዓ፣ ከተማዋን በስም አልጠራላችሁም፤ ጠርቼ ሐሜት ላስጀምራችሁ አልፈልግም። አሮጌ ከተማ ናት፣ መስጂዷ በዕድሜ ከቤቶቿ ሁሉ የሚበልጥ። እዚያ ሐጂ ኑርዬ የሚባሉ ኪታብ ጠራዥ ነበሩ። ሰው ግን ከሙያቸው ይልቅ በአንድ ጠባያቸው ነው የሚያውቃቸው፤ ቤታቸው ለገባ ሁሉ ይነሳሉ። ለዓሊሙም ለለማኙም፣ እሳት ልትጭር ለመጣች የጎረቤት ልጅም ሳይቀር "ኖር!" ብለው ብድግ ነው። "ኧረ በአላህ ይቀመጡ!" ቢሏቸው ማን ሰምቶ!

ታዲያ ፈተናው በዚሁ በመነሳታቸው መጣ። መጀመሪያ ወገባቸውን አመማቸው፣ ኋላ እግራቸው ይከዳቸው ጀመር። ሐኪሞች መርምረው በአከርካሪያቸው ውስጥ ዕጢ አገኙ። "ከስንትና ስንት ሰው አንዱን ነው የሚይዘው" አሏቸው። የሚወጣውን ቀደው አወጡ፤ የቀረው ከነርቩ ጋር ስለተጣበቀ ቢነካ ይብሳል፣ እየተከታተልነው አብረውት ይኖራሉ ተባሉ። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ወጡ፤ ቤታቸው ሲደርሱ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ሰብርና ትዕግሥት ማለት አለማልቀስ የሚመስለው ካለ ይታረም፤ ነቢዩ ያዕቁብም ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል።

ከሕመሙ ይልቅ የጎዳቸው እፍረቱ ነው። ጉልበታቸው ላይ ጋቢ ጥለው ለማንም ሳይናገሩ ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ተቆጡ።

"አንቱ ሐጂ፣ በሽታ ነውር ነው እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?"

"ተይኝ ከድጃ። ሰው የሚያውቀኝ ብድግ ስል ነው።"

በዚያው ሰሞን ሐጂ ዑመርና ጀማል የሚባሉ ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ይደክሙ ነበር። አባታቸው ሲሞት ዑመር ሩቅ አገር ነበር፤ ጀማል "ጀናዛ አይቆይም" ብሎ ሳይጠብቀው ቀበረ። ዑመር ሲደርስ ያገኘው አፈር ብቻ ነው። "የአባቴን ፊት ከለከልከኝ" ብሎ ከወንድሙ ተቆራረጠ። አሁን ደግሞ እናታቸው አልጋ ላይ ናት፤ "ሁለቱን አንድ ላይ ሳላያቸው አልሙት" እያለች ትማፀናለች። ሐጂ ሰው እየላኩ ዑመርን በመከራ እሺ አሰኙት።

የዕርቁ ዕለት ጀማል ቀድሞ ሐጂ ቤት መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። ዑመር ጫማውን አውልቆ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ "ኖር!" ብለው ተነሱ። ሐጂ ኑርዬ ብቻ ከመደባቸው ንቅንቅ አላሉም።

ዑመር ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ፊቱ ጠቆረ።

"ለለማኝ የሚነሱ ሰውዬ ለእኔ ይቀመጣሉ? ገባኝ! ከጀማል ጋር ጨርሳችሁ ነው የጠራችሁኝ።"

ዞሮ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። አሁን ከወጣ እንደማይመለስ፣ እናቱም እንደጓጓች እንደምትሞት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ሐጂ መደቡን በሁለት እጃቸው ገፍተው ሊነሱ ሞከሩ፤ እግር ከየት ይምጣ! በጎናቸው ዘፍ አሉ። ጋቢው ተንሸራተተና የሰለለው እግራቸው ለሰው ሁሉ ታየ።

"ዑመር ልጄ" አሉ፣ "ለአንተማ እንዴት አልነሳ? ወገቤ ውስጥ ዕጢ አለ፣ እግሬ ከድቶኛል። ደብቄአችሁ ነው። ናና አንሳኝ። ብቻህን አትችለኝም፤ ጀማል፣ አንተም በዚህ በኩል ና።"

ዑመር ጫማውን ጣለ። "አስተግፊሩላህ! ምላሴን በቆረጠው!" እያለ ሮጦ በግራ ገባ፣ ጀማል በቀኝ። ሐጂ ከባድ ሰው ናቸው፤ ብብታቸውን ይዘው ቢሞክሩ አልሆነም። የግዳቸውን ሁለቱ ከጀርባቸው እጅ ለእጅ ተያያዙና ብድግ አደረጓቸው።

"ኖር፣ ዑመር" አሉ ሐጂ፣ በሁለቱ መሐል ቆመው።

"በአላህ" አለ ዑመር።

ሐጂን መልሰው ሲያስቀምጡም የወንድማማቾቹ እጅ አልተላቀቀም። ዑመር ቀና ሳይል "አባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ?" ሲል ጠየቀ።

"'ዑመር ደረሰ?' አለ" አለው ጀማል። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ያን ዕለት ማታ እናታቸው አልጋ አጠገብ አብረው ተቀመጡ።

ዕጢው አልጠፋም፣ ጀማዓ፤ ተአምር ልነግራችሁ አልመጣሁም። ሐጂ ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ፣ ለሱጁድ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዲናችን ገር ነው። ለጁሙዓም ለሐኪም ቀጠሮም ሁለቱ ወንድማማቾች ይሸከሟቸዋል። ኪታብ ይጠርዛሉ፤ "ድሮስ ቆሜ ነበር እንዴ የምጠርዘው?" እያሉ ይስቃሉ። ሕመሙ ሲበረታ ደግሞ "ከድጃ፣ ዛሬ አሞኛል" ይላሉ፤ ወይዘሮ ከድጃም አጠገባቸው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አንዱ ደፋር "ሐጂ፣ ለሰው ሸክም መሆን አይከብድም?" አላቸው።

"ይከብዳል እንጂ" አሉ። "ግን ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ለሰው ስነሳ አጅሩን፣ ምንዳውን ብቻዬን በላሁት። አሁን ሌላውም ይብላ።"

ከዚህ ጀማዓ መሐል ሐኪሙ እንኳ እምብዛም የማያውቀውን በሽታ በጋቢ ሸፍኖ የተቀመጠ አለ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ በሰብር ታዘናል፤ ደብቁ ብሎ ያዘዘን ግን ማነው? ደጃፍህ ላይ ቆሞ፣ የናቅከው መስሎት ጫማውን የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ሳይወጣ ጥራው። "ና አንሳኝ" በለው።