የእመቤት ሂሳኖ ሜዳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ የምታንሾካሹከው፣ አንተም ስማ።

በድሮ ዘመን፣ በሩቁ በጃፓን አገር፣ ጌንታ የሚባል ሠዓሊ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ አፉ ግን ውሸት ይወዳል። ሰነፍም ነበር። አበባ ለማየት ሜዳ ከሚወርድ፣ መምህሩ የተዉለትን አሮጌ ንድፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢገለብጥ ይመርጣል።

የአገሩ መስፍን እናት፣ እመቤት ሂሳኖ፣ አርጅተው ከመኝታቸው መነሣት አቃታቸው። «ከመሞቴ በፊት በልጅነቴ የቦረቅሁበትን ሜዳ በመፀው፣ አበባውና ሣሩ እንዳማረበት፣ በሥዕል አንዴ ልየው» አሉ።

በዚያ አገር ወለል ላይ በሚቆም ታጣፊ መጋረጃ ላይ ይሣላል። መስፍኑ ጌንታን አስጠራው። «የእናቴን ሜዳ ሣልላት። ካስደሰትካት በቤቴ ተከብረህ ትኖራለህ፤ ካሳዘንካት ግን ሚስትህን ይዘህ አገሬን ልቀቅ» አለው። የጌንታ ሚስት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ የት ይሂዱ?

ጌንታ ከንድፉ ገልብጦ መጣ። «እመቤቴ፣ ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የሣልኩት» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እመቤት ሂሳኖ አዩት። «ያምራል። የእኔ ሜዳ ግን አይደለም።»

ጌንታ አበባ ጨመረበት፣ ወርቅ ቀባው። «አሁንም ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የሣልኩት» አለ።

«ያብረቀርቃል። የእኔ ሜዳ ግን አይደለም።»

አሁን ምን ይዋጠው! ጨነቀውና በእግሩ ወደ ሜዳው ወረደ። ሲደርስ ሣር የለ፣ አበባ የለ፤ እስከ ወንዙ ድረስ ሩዝ ብቻ። አንድ ገበሬ ያጭዳል።

«የእመቤት ሂሳኖ ሜዳ የት ነው?» አለው።

«የቆምክበት ነዋ። አባቴ ነው ያረሰው፣ እኔ ሳልወለድ።»

ጌንታ መንገዱን ሁሉ ሲያስብ መጣ። እውነቱን ቢናገር እመቤት ሂሳኖ ያዝናሉ፤ ቢዋሽስ ምኑን ይሥላል? ደርሶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እመቤቴ፣ ዋሽቻለሁ። ሜዳውን ያየሁት ዛሬ ነው፤ ሩዝ ሆኗል» አለ።

«አውቃለሁ። በረሃቡ ዓመት ይታረስ ያልኩት እኔ ነኝ። ሜዳው ቢኖርማ ሥዕል ምን ያደርግልኛል? ተሸክመው ይወስዱኝ ነበር።»

ጌንታ አፈረ። «ታዲያ ስዋሽ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሚስትህ እርጉዝ ናት አሉ» አሉት።

ይሄን ጊዜ እንባው መጣ። ቀለሙን አምጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልሣል» አላቸው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ይሥላል። ጤዛ የከበደው ሐምራዊ አበባ፤ ልጆችን የሚጠልፍ ሐረግ፤ ጫፉ ላባ የሚመስል ረጅም ሣር። «ሣሩን አታቁመው፣ ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ያጋድመዋል» ይሉታል፤ እሱም ያጋድመዋል።

መሐል ላይ ባዶ ቦታ ቀረ። ጌንታ አበባ ሊሞላበት ብሩሹን ሲነክር እጅጌውን ያዙት።

«ተወው። እኔና ታናሽ እህቴ ተጋድመን ሣሩን ያስተኛነው እዚያ ነው። እሷ ያን የረሃብ ዓመት አላለፈችም።»

ጌንታ ብሩሹን አስቀመጠ። እመቤት ሂሳኖ የሚተኙበትን ምንጣፍ ወደ ሥዕሉ፣ ባዶው ቦታ አጠገብ አስጠግተው አስነጠፉ፤ በጎናቸው ተኝተው ሲያዩት ዋሉ። «አሁን የእኔ ሜዳ ነው» አሉ። ብርዱ ሳይገባ እዚያው እንደተኙ ዐረፉ።

ጌንታ ከነሚስቱ በአገሩ ኖረ። እናንተም ልጆቼ፣ ያላያችሁትን አየን አትበሉ። ያየ ሰው አጠገባችሁ ሳለ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ።