ጠዋት ሁለት ሰዓትን የሚያውቅ ስልክ

«ተረት ላምጣ?»
«አምጣ፤ ሰፌድ ዘርግተናል።»

ትርሲት የምትባል የጤና ቢሮ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ነበረች። እናቷ እማማ ደብሪቱ የደም ግፊት ክኒናቸውን ጠዋት ሁለት ሰዓት እንዲውጡ ቢታዘዙ፣ የስልካቸውን ደወል ሁለት ላይ ሞሉት። ስልኩ በፈረንጅ ቆጥሮ ከሌሊቱ ስምንት ጮኸ። በእንቅልፍ ልባቸው ዋጡ፤ ሲነጋ ሁለት ሰዓት ሆነ ብለው ደገሙ። አዙሯቸው ወደቁ። ለጎረቤት «አዳለጠኝ» አሉ፤ እውነቱን ያወቁት ትርሲትና የመድኃኒት ቤቷ ዘሃራ ብቻ ናቸው።

ትርሲት በእኛ ሰዓት የሚቆጥር የስልክ አስታዋሽ ልትሠራ አንድ ኮምፒውተር ፈለገች።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ሽታሁን «አስታዋሽ ሞልቶ ተርፎ። ኃላፊዋ ካላዘዙ አልሰጥም» አሏት።

ኃላፊዋ ጋ ሄደች። «እትዬ ፋንቱ፣ እርስዎ ካላዘዙ ጋሽ ሽታሁን አይሰጡም፤ እሳቸው ካልሰጡ አስታዋሽ የለም፤ አስታዋሽ ከሌለ ሰው ክኒን ይደግማል።»
«ሞልቶ ተርፎ የለም እንዴ፣ ልጄ? ባለሙያው ካልመሰከረ አላዝም።»

የቢሮው የቴክኖሎጂ ባለሙያ ኤፍሬም ጋ ሄደች። «አንተ ካልመሰከርክ እትዬ ፋንቱ አያዙም፤ እሳቸው ካላዘዙ ጋሽ ሽታሁን አይሰጡም፤ እሳቸው ካልሰጡ አስታዋሽ የለም፤ አስታዋሽ ከሌለ ሰው ክኒን ይደግማል።»
ኤፍሬም ሳቀ። «በተጠረገ መንገድ ጎን ሌላ ትጠርጊያለሽ? ያሉትን ሞክረሻል?»
ሁሉንም ሞክራለች፤ አንዱንም አላጣጣለችም። «ቆንጆ ናቸው። ጠዋታችንን ግን አያውቁም።»
«ማን ደገመ?»
ትርሲት የእናቷን ገመና አላወጣችም።
«እንግዲያው የመድኃኒት ቤቷ ዘሃራ ካልነገረችኝ አልመሰክርም።»

ዘሃራ ጋ ሄደች። ዘሃራ «የታማሚ ምስጢር ነው። እናትሽ ካልፈቀዱ አልናገርም» አለች።

ቤቷ ገባች። «እማዬ፣ አንቺ ካልፈቀድሽ ዘሃራ አትናገርም፤ ዘሃራ ካልተናገረች ኤፍሬም አይመሰክርም፤ ኤፍሬም ካልመሰከረ እትዬ ፋንቱ አያዙም፤ እሳቸው ካላዘዙ ጋሽ ሽታሁን አይሰጡም፤ እሳቸው ካልሰጡ አስታዋሽ የለም፤ አስታዋሽ ከሌለ ሰው ክኒን ይደግማል።»
«ደብሪቱ ሰዓት መቁጠር አቃታት ሊሉኝ?»
«ያቃተው ስልኩን ነው፣ እማዬ።»
እማማ አሰቡ። «እንደኔ አዳለጠኝ ያለ ስንት ይኖር ይሆን? በይ፣ ትናገር። ስሜንም ትጥራ።»

እማማ ፈቀዱ፣ ዘሃራ ተናገረች፤ ዘሃራ ተናገረች፣ ኤፍሬም መሰከረ፤ ኤፍሬም መሰከረ፣ እትዬ ፋንቱ አዘዙ፤ እትዬ ፋንቱ አዘዙ፣ ጋሽ ሽታሁን ኮምፒውተሩን አቧራውን ጠርገው ሰጡ። ትርሲትም ሠራች፤ እጇ ይባረክ።

አንድ ቀን ስልኩ «እማማ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆነ» አለ።

እማማ መስኮቱን ከፍተው ፀሐይዋን አዩ።

«እውነቱን ነው» አሉና ዋጡ።