ከመጋረጃ ጀርባ የሚበላው

«ያላያችሁትን ነገር ‹ይበላል› ትሉኛላችሁ? ይህ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ዛሬውኑ ይዘጋ!» አሉ ሹሙ፣ ከምሳ ተነስተው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ።

የኮከብ ተመራማሪዋ ዶክተር የሺመቤት ደነገጡ። «ክቡርነትዎ፣ በጋላክሲው መሃል ያለውን ጥቁር ጉድጓድ አቧራ ጋርዶታል። ሲበላ ግን ዙሪያው ያለው አቧራ ይግላል፤ ሲተው ይበርዳል። ዓይን የማያየው የሙቀት ብርሃኑ ቦግ እልም ሲል በመሣሪያ እናያለን።»

«ተረት!»

በሩ ላይ የቆመው ሽማግሌ ዘበኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ እርስዎም ቡዳ ፈርተው በመጋረጃ ተከልለው ነው የበሉት። ሲጎርሱ ማንም አላየም። ወጥ ይዘው የሚሯሯጡት አስተናጋጆች ፊት ግን በሩጫው ቦግ ሲል፣ ሲያርፉ ደግሞ ቀዝቀዝ ሲል አየን። ቦግ ባለ ቁጥር ‹ገና አልጠገቡም› ተባባልን።»

ሹሙ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ጣቢያው ይቆይ። አንተ ግን ከእንግዲህ ስበላ ከመጋረጃው ውስጥ ግባ፤ ውጭ ሆነህ ብዙ ታያለህ!»