ሰይቼንቶዋ አልነሳም ያለች ዕለት

ኑ ተሳፈሩ፣ ተረቴን ልንዳው። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ።

ደብረ ዘይት ውስጥ ጋሽ ሽብሩ የሚባል አሮጌ መኪና ወዳድ ነበር። ወዳድ ስላችሁ እንዲያው ለወሬ አይደለም። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ እሱ ግን ሰው የጣለውን መኪና እየጎተተ ግቢውን ሞላው። አንድ ነጭናጫ ፔጆ፣ አንድ ግንባሩ የማይፈታ ላንድሮቨር፣ አንዲት ድንቡሼ ቮልስዋገን ነበሩት። ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ግን ትንሿን ሰማያዊ መኪና፣ ሰይቼንቶዋን ነው፤ ሚስቱን እትዬ የውብዳርን ሙሽራ አድርጎ ያመጣት በእሷ ነዋ! አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበረበት። የአንዷን መኪና ዕቃ ፈትቶ ለሌላዋ ይገጥማል። «ነገ እመልሳለሁ» ይላል፤ ነገ ደግሞ ሌላ የምትታመም አትጠፋም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ የውብዳር በሩ ላይ ቆማ ጠራችው። ዓይኗ ከታመመ ቆይቷል፤ ሐኪሙም ብርሃኑ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም ብሏታል።

«ሽብሬ፣ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ሐይቁን አንዴ ልየው። በሰይቼንቶዋ ውሰደኝ፣ እንደ ሙሽርነታችን ጊዜ።»

ጋሽ ሽብሩም «አሁኑኑ!» ብሎ ወደ መኪናዋ ሮጠ። ቁልፉን ቢያዞር፣ ሰይቼንቶዋ ጭጭ።

«አልነሳም» አለች። «እሳት የሚጭርልኝን ካንዴላዬን ነቅለህ ለፔጆው ሰጥተህብኛል። ካንዴላዬን ካላመጣህ አልነሳም።»

ወደ ፔጆው ሄደ። «ፔጆ፣ ካንዴላውን ስጠኝ፤ ካንዴላውን ለሰይቼንቶዋ፣ ሰይቼንቶዋ እንድትነሳ፣ የውብዳር ሐይቁን እንድታይ።»

«አልሰጥም» አለ ፔጆው እየተነጫነጨ። «የቤንዚን ቱቦዬን ለላንድሮቨሩ የሰጠኸው አንተ አይደለህም? መጀመሪያ ቱቦዬን አምጣ።»

ወደ ላንድሮቨሩ ሄደ። «ጌታው ላንድሮቨር፣ ቱቦውን ስጠኝ፤ ቱቦውን ለፔጆው፣ ፔጆው ካንዴላውን ለሰይቼንቶዋ፣ ሰይቼንቶዋ እንድትነሳ፣ የውብዳር ሐይቁን እንድታይ።»

«አልሰጥም!» አለ ላንድሮቨሩ። «ባትሪዬን ለዚያች ለቮልስዋገን ሰጥተህ እኔን ግቢ ውስጥ አስቀረኸኝ። ባትሪዬን መልስ።»

ወደ ቮልስዋገኗ ሄደ። «የኔ ቆንጆ፣ ባትሪውን ስጪኝ፤ ባትሪውን ለላንድሮቨሩ፣ ላንድሮቨሩ ቱቦውን ለፔጆው፣ ፔጆው ካንዴላውን ለሰይቼንቶዋ፣ ሰይቼንቶዋ እንድትነሳ፣ የውብዳር ሐይቁን እንድታይ።»

«እኔስ ብሰጥህ ደስ ባለኝ» አለች ቮልስዋገን። «ግን ባትሪው ከኋላ ወንበሬ ሥር ነው። ወንበሬ ላይ ደግሞ ዶሮህ እንቁላል ታቅፋለች፤ በሬን ክፍት ትተህላት! እሷን አስነሳና ውሰድ።»

ኧረ ጉድ ነው! ዶሮ የሚለማመጥ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ ሽብሩ ተንበረከከ። «እመት ዶሮ፣ እባክሽ ተነሺልኝ፤ አንቺ ከወንበሩ፣ ቮልስዋገን ባትሪውን ለላንድሮቨሩ፣ ላንድሮቨሩ ቱቦውን ለፔጆው፣ ፔጆው ካንዴላውን ለሰይቼንቶዋ፣ ሰይቼንቶዋ እንድትነሳ፣ የውብዳር ሐይቁን እንድታይ።»

«ንቅንቅ አልልም» አለች ዶሮዋ። «ከጠዋት ጀምሮ ማን አስታወሰኝ? እፍኝ ጥሬ ብትበትንልኝ፣ ለቅሜ እስክጨርስ እነሳልሃለሁ።»

ጥሬው ያለው ጓዳ ነው። ጀንበሯ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ጋሽ ሽብሩ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ እያለከለከ ቤት ገባ። «የውቤ፣ ቶሎ በይ፣ እፍኝ ጥሬ ስጪኝ! ጥሬውን ለዶሮዋ፣ ዶሮዋ ከወንበሩ፣ ቮልስዋገን ባትሪውን ለላንድሮቨሩ፣ ላንድሮቨሩ ቱቦውን ለፔጆው፣ ፔጆው ካንዴላውን ለሰይቼንቶዋ፣ ሰይቼንቶዋ እንድትነሳ፣ አንቺ ሐይቁን እንድታዪ!»

«አልሰጥም» አለች እትዬ የውብዳር።

ጋሽ ሽብሩ ክው አለ።

«ፔጆውን ለመንክ፣ ላንድሮቨሩን ለመንክ፣ ዶሮ እንኳ ለመንክ። እኔ ምሳ አቅርቤ ብቻዬን ተቀምጫለሁ፣ ይኸው ቀዘቀዘ። ዓይኔ ሳይጠፋ ማየት የምፈልገው ሐይቁን ብቻ መሰለህ? አንተንም ነው እንጂ! ሁልጊዜ ጭንቅላትህ የመኪና ኮፈን ውስጥ ነው። ጀርባህን እንደሆነ ጠግቤዋለሁ። እጅህን ታጠብና ፊት ለፊቴ ተቀመጥ።»

ጋሽ ሽብሩ እጁን ታጠበ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አጎረሰችው፤ አጎረሳት። ጠጋ ብላ ፊቱን አየችው።

«ውይ! ቅንድብህ ሸብቷል እኮ። መቼ ነው?»

«እንጃ የውቤ። እኔም አላየሁትም» አለና እንባው መጣ። እሷም ሳቀችበት፤ ሳቋን ከሰማ ስንት ጊዜው!

ከዚያማ ምን ቀረ? የውብዳር ጥሬውን ሰጠች፣ ዶሮዋ ከወንበሩ ተነሳች፣ ቮልስዋገን ባትሪውን ሰጠች፣ ላንድሮቨሩ ቱቦውን ሰጠ፣ ፔጆው ካንዴላውን ሰጠ፣ ሰይቼንቶዋም አንዴ አስነጠሳትና ዱ ዱ ዱ ብላ ተነሳች! ዶሮዋ ጥሬዋን ጨርሳ እንቁላሏ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጀንበሯ ገና አልጠለቀችም። ውሃው ወርቅ መስሏል። ጋሽ ሽብሩ ሞተሩን አጠፋና መስኮቱን አወረደላት።

«ይታይሻል የውቤ?»

«ይታየኛል። ያው እንደዱሮው ነው፣ ያምራል።» እጁን ያዘችው። «በቃ፣ ሐይቁን አየሁት። አሁን ደግሞ ፊትህን ወደኔ አዙር።»

አዞረ።

እኛም እዚሁ እንውረድ በሉ። ሁለቱን ብቻቸውን እንተዋቸው።